ሄስተር ፔንጌሊና አሳማ አንድ በአንድ የሚያመላልሰው ሰው

ሄስተር ፔንጌሊ በ«ሚራንጋ» ላይ የሴቶች ክፍል አስተናጋጅ ሆና ስትቀጠር፣ ባሕር ሆዷን እንደሚያገላብጠው ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሚራንጋ ማታ ከዋራቢን ቤይ ተነሥታ ጠዋት ሲድኒ የምትገባ የእንፋሎት መርከብ ነበረች፤ ከላይ ሰው፣ ከታች ቅቤ፣ ግንድና አሳማ ትጭናለች። ማዕበል ሲነሣ ሄስተር ለተሳፋሪዎቹ ባልዲ እያቀበለች፣ «አይዞሽ እመቤቴ፣ ያልፋል» ትላለች። ከዚያ ጓዳ ገብታ በሩን ትቀረቅርና የራሷን ባልዲ ታቅፋለች። እንዲህ እንዳለች ፀጉሯ ገብስማ ሆነ።

ሲላስ ዱገን ደግሞ ከኮረብታው ማዶ አሳማ የሚያረባ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ሌላው ገበሬ አሳማውን ለገበያ በመንጋ ይልካል። ሲላስ ግን አንድ አሳማ ብቻ እየጎተተ ይመጣና እሱም ትኬት ቆርጦ አብሮ ይሳፈራል።

«ይኼ ሰውዬ እንዲህ እየነገደ መቼ ሊያልፍለት ነው?» አለች ሄስተር አንድ ቀን ለመርከቡ ወጥ ሠሪ ለባርናቢ።

«ለንግድ የሚመላለስ መስሎሻል?»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«አሳማዎቹ እንኳ ገብቷቸዋል፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

ባርናቢ መቼም ሲቀልድ ነው የሚውለው ብላ ሳህኗን ይዛ ሄደች።

በዋራቢን ቤይ ባሕሩ ሲናወጥ መርከቢቱ ባሕሩ ውስጥ ወደተዘረጋው የእንጨት መሳፈሪያ ድልድይ መጠጋት ስለማትችል፣ ተሳፋሪው ትልቅ ቅርጫት ውስጥ ገብቶ በክሬን እየተነሣ መርከቡ ላይ ይወርዳል። አንድ ነፋሻ ከሰዓት በኋላ፣ ሄስተር ክር ልትገዛ ወርዳ ስትመለስ ቅርጫቱ ውስጥ ሲላስን አገኘችው፤ አዲስ ባርኔጣ አድርጓል፣ አጠገቡ አንዲት ግዙፍ አሳማ ቆማለች። ክሬን ነጂው ቸኩሎ ነበርና ሰውንና አሳማዋን አንድ ላይ አነሣቸው። በድልድዩና በመርከቡ መሀል ከባሕሩ በላይ ሲደርሱ ክሬኑ እፍፍ አለና ቆመ።

«እንፋሎቱ አለቀብኝ» አለ ነጂው ከታች። «ከሰል እስኪመጣ ትንሽ ታገሡ።»

ቅርጫቱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ጀመር። የሄስተር ፊት እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ። ሲላስ ይህን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀና ዘረጋላት። እሷም ምርጫ አልነበራትም፤ ተጠቀመችበት።

«ይቅር ይበሉኝ አቶ ዱገን። አዲስ ነበር።»

«ግድ የለም፤ ጠቦኝ ነበር።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ወይዘሪት ሄስተር፣ እኔ መናገር አይሆንልኝም።»

«እንግዲያው ይተዉት። አፍዎን ከፍተው እርስዎንም ቢያስመልስዎት፣ ሌላ ባርኔጣ የለንም።»

«ዛሬ ካልተናገርኩማ አበቃልኝ። እርስዎን ለማየት ስመላለስ አሳማዎቼን ጨረስኳቸው። የቀረችኝ እናቲቱ፣ ይቺው ናት። ያገቡኛል ወይ?»

ነፋሱ ለክፋቱ በዚያው ቅጽበት ጋብ ብሎ ነበርና፣ ድልድዩ ላይ ያለውም መርከቡ ላይ ያለውም ሰው ሁሉ ሰማ።

«እሺ በይው እንጂ» አለ ባርናቢ ከመርከቡ። «ራቱ ቀዘቀዘብኝ።»

ሄስተር አሳማዪቱን አየቻት። የቀሚሷን ጫፍ በእርጋታ እያኘከች ነው።

«እናቲቱን ሊሸጧት?» አለች።

«ምን ላድርግ?»

«ነውር አይደለም? በሉ መጀመሪያ ቤቷ ትግባ። ሌላውን መንገድ ላይ እንነጋገራለን።»

ከሰሉ ሲመጣ ሄስተር ቅርጫቱ ወደ ድልድዩ እንዲመለስ አዘዘች። ክሬን ነጂውም ሳይከራከር መለሰው። የዚያን ማታ ሚራንጋ ያለ እሷ ሄደች፤ የሴቶቹን ክፍል ባርናቢ ሽርጧን ታጥቆ አስተናገደ፣ ሴቶቹም ሲሥቁ አመሹ ይባላል።

ተጋቡ። እናቲቱም ብዙ ወለደች። ሄስተር ከዚያ በኋላ ጀልባ እንኳ አልረገጠችም። ሲድኒ ያለችው እኅቷ ስትጠራት በፖስታ መኪናና በባቡር ዞራ ትሄዳለች፤ መኪናውም ያስመልሳታል፣ ግን «ይኼ ቢያንስ ቁም ሲሉት ይቆማል» ትላለች።

በኋላ ጭነቱን ሁሉ ባቡር ወሰደውና ሚራንጋ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ከተማው ድልድዩ ላይ ወጥቶ አለቀሰ። ሄስተር አላለቀሰችም። ካፒቴኑን አቅፋ ተሰናበተችና ከመርከቢቱ ከወረደው ዕቃ መሀል አንድ ትልቅ የሻይ ማንቆርቆሪያ ካፖርቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ሲላስ መጣች።

«ማን ሰጠሽ?» አላት።

«ዝም ብለህ ሂድ» አለችው።