ጥቃቱ የከሸፈ ዕለት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአምቡላንስ ስልክ ተቀባይ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ፣ አለቃዬ ከስልጠና ሲመለሱ አዲስ ዘበኛ ይዘውልን መጡ። ዘበኛው ዱላ የለውም፤ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ሥራው ስልካችንን ከሳይበር ጥቃት መጠበቅ ነበር። እንደ ነገሩን ከሆነ፣ ጠላት በአንዴ ብዙ ጥሪ አዝንቦ መስመሩን ያጨናንቃል፤ ዘበኛው ግን ቀድሞ ይነቃበታል። ፍኖተ ሰላምን ማን ጉዳዬ ብሎ እንደሚያጠቃት ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት። እሳቸው ሰርተፍኬታቸውን ግድግዳ ላይ እየሰቀሉ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ አምቡላንሱ በዚያ ካለፈ በቆሎውን እንዲጭንለት ከሚለምን የቡሬ ሰው ጋር በስልክ ስከራከር ስክሪኑ ቀላ። "ከአንድ አካባቢ በርካታ ጥሪ፤ ጥቃት ነው። ይዘጋ?" ይላል። ቦታው ከገበዝ ማርያም ማዶ ያለ ቀበሌ ነው።

"ዝጋው!" አሉ አለቃዬ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

ዘጋሁት። ቀበሌው በሙሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። እሳቸውም ፊታቸው በርቶ ለበላይ ሪፖርት መጻፍ ጀመሩ።

ብዙም ሳይቆይ የግል ስልኬ ጮኸ። እዚያው ቀበሌ የምትኖር አክስቴ ናት።

"ኧረ በማርያም፣ ምን ነካችሁ? የጎረቤቴ ልጅ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፤ ደሟ እየፈሰሰ ነው። በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ መኪናው መንገድ ወጥተዋል። አገሩ ሁሉ ሲደውልላችሁ አትሰሙም?"

ያኔ ገባኝ። እኛ ዘንድ ሰው ሲጨንቀው፣ አንዱ ደውሏል ተብሎ ሌላው አርፎ አይቀመጥም። አማቷ ይደውላል፣ የክርስትና እናቷ ትደውላለች፣ የዕድሩ ዳኛ ይደውላል፤ ያልደወለ ዓመቱን ሙሉ ሲታማ ይከርማል። ይህን ለዘበኛው ያስተማረው የለም። እኔ ግን እዚያው ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ምን ሰበብ አለኝ?

"ጋሼ፣ ጥቃት አይደለም፤ ወላድ ናት። መስመሩን ይክፈቱልኝ" አልኳቸው። አንዴ የተዘጋ መስመር የሚከፈተው በእሳቸው የይለፍ ቃል ብቻ ነበር።

"ጥቃቱ መክሸፉን ሪፖርት አድርጌያለሁ እኮ! አሁን ምን ልበል? ጠላት አረገዘ ልበል?"

ትቻቸው ወደ ግቢው ሮጥኩ። የአምቡላንሱን ሾፌር ከአክስቴ ጋር በስልክ አገናኝቼ ላክሁት። ቃሬዛውን መንገድ ላይ አገኘው፤ እናትም ልጅም ለጥቂት ተረፉ። ሪፖርቱን ግን ያረመው የለም። እንዲያውም ከበላይ የምስጋና ደብዳቤ መጣልን።

በሳምንቱ የወላዷ የነፍስ አባት፣ አንድ አዛውንት ቄስ፣ ሊያመሰግኑን መጡ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "በደወልን ቁጥር ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ መስመሩ ተይዟል ትለናለች። ከእኛ የባሰበት ስንቱ ይሆን አልንና፣ ቃሬዛውን አውርደን ለእናንተም ለዚያ ለተጨነቀውም ሁሉ አቡነ ዘበሰማያት ደገምን።"

ከፊታቸው የተሰለፈ ሕመምተኛ እንዳልነበረ፣ የዘጋሁባቸውም እኔ እንደሆንኩ ልነግራቸው ይገባ ነበር። አፈርኩ። መስቀላቸውን ተሳልሜ አሜን ብቻ አልኩ።