ጽዋውን ከተሾመ እጅ ማን ይቀበላል

ከአዲስ አበባ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ የቀበሌያችንን ማሊያ ለብሰን ነው። ሰው ተደብቆ ይሰደዳል ሲባል እሰማለሁ፤ እኛ ግን ጎንደር ላይ የወዳጅነት ጨዋታ አለን ብለን፣ ማኅተም የተመታበት የይለፍ ወረቀት ይዘን፣ አውቶቡስ ውስጥ እየዘፈንን ነው የተሰደድነው። እናቴን እሑድ እመለሳለሁ ስላልኳት ስንቅ እንኳ አልቋጠረችልኝም። ኬላ ላይ አንድ ዘበኛ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ለመሆኑ ኳሱ የታለ?» አለን። ወይ ጉድ! አምስት ሰው ወር ሙሉ ሲመክር ኳስ መያዝ ትዝ ያለው የለም። እኔ ኳስ የያዝኩ ይመስል ቦርሳዬን መጎርጎር ጀመርኩ። ግብ ጠባቂያችን ተሾመ ግን ፈገግ እንኳ ሳይል «ጓድ፣ ኳስ የሚያቀርበው ባለሜዳው ነው» አለው። ዘበኛው «እሱማ ደንብ ነው» ብሎ አሳለፈን።

የመተማን መንገድና የካርቱምን ሙቀት አልተርክላችሁም፤ ያየው ያውቀዋል፣ ያላየው አያምነኝም። ወባ ሲጥለኝ ገዳሪፍ ድረስ ደግፎ ያደረሰኝ ተሾመ መሆኑን ብቻ ያዙልኝ።

አሜሪካ፣ ኦክላንድ እንደገባን ቴሌግራፍ አቬኑ አካባቢ አፓርትመንት ፍለጋ እኔና እሱ እንደ አገራችን ልማድ ጣት ለጣት ተያይዘን እንዞር ነበር። አንድ ሽማግሌ ባለቤት በሩ ላይ ቆሞ ከላይ እስከ ታች አየንና «አንድ አልጋ ይበቃችኋል?» አለ።

«ኧረ ይተርፈናል!» አልኩት። ካርቱም ላይ አንድ ፍራሽ ለአራት ነበር የምንተኛው።

«እኔ በሰው ኑሮ አልገባም። ሬንቱን በጊዜ ክፈሉ እንጂ።»

እንዴት ያለ ደግ ሰው ገጠመን ብዬ እጁን ጨብጬ አመሰገንኩት። ምን ማለቱ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ አብራኝ የምትሠራው ሜክሲኳዊት በሳቅ እየፈረሰች ስታስረዳኝ ነው። ተሾመ ግን ያኔውኑ ገብቶት ኖሯል። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ እጄን ይዞኝ አያውቅም። እኔ ደግሞ አሜሪካ አኮራችው ብዬ ታዘብኩት።

በኋላ እሱ ሳን ሆዜ፣ የኮምፒውተር ዕቃ የሚገጣጥም ፋብሪካ ሥራ አገኘና ወደዚያው ሄደ። እሑድ እሑድ ግን አንለያይም። የአገር ልጆች የኳስ ቡድን አቋቁመን ነበር፤ ቡድኑ ደግሞ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ነው። ጋሽ በላቸው አሠልጣኛችንም፣ የማኅበሩ መሪ ሙሴውም ናቸው። አሜሪካ ታቦት ስለማታውቅ የወሩን አሥራ ሁለት ወደ እሑድ እናዞረዋለን፤ ጠላውን በፕላስቲክ ባልዲ እንጠምቃለን፤ ዳቦው በጋዝ ምድጃ ሥሩ ያርርና አናቱ ሊጥ ይሆናል። ቢሆንም ሲያልቅ የወሩ ተረኛ ጽዋውን በሁለት እጁ ለቀጣዩ ያስረክባል፤ ያም ተጎንጭቶ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሥራ የሚያስገባኝ፣ ብታመም የሚጠይቀኝ፣ ብሞት ሬሳዬን አገር የሚልክልኝ ይኸው ማኅበር ነው። ሌላ ዘመድ የለኝም።

አንድ ቀን ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ ባለታክሲው ዳዊት ሳን ፍራንሲስኮ ሰው ሲያደርስ ተሾመን በሌላ ቡድን ማሊያ ግብ ላይ ቆሞ አየው። ሜዳው ዳር የተሰቀለው ጨርቅ ቡድኑ የጌዮች፣ ወንድ ከወንድ የሚፋቀሩ ሰዎች መሆኑን በትልቁ ያወጣል። ልምምድ ላይ በሁላችንም ፊት ጠየቀው።

«ስንት ይከፍሉሃል?»

«ምንም።»

«ታዲያ እነሱ ጋ ምን ትሠራለህ?»

ተሾመ ጓንቱን እያወለቀ «ከነሱ አንዱ ነኝ» አለ። «እዚያ ስቆም ኳሷን ብቻ ነው የማየው። እዚህ ኳሷንም እናንተንም ስጠብቅ ደከመኝ።»

ጋሽ በላቸው አማተቡ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ኃጢአት ነው። ንስሐ ግባ።»

«ስንቴ ገባሁ ጋሼ! ጾምኩ፣ ሰገድኩ። ያው እኔው ነኝ።»

ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ «የቅዳሜውስ ጨዋታ?» አለ። ቅዳሜ የዋንጫ ፍጻሜ ነበር፣ ሌላ በረኛ ደግሞ የለንም። ጋሽ በላቸው ሰማይ ሰማይ አዩና «ለቅዳሜ ይጫወት። ኳስ ሌላ፣ ሃይማኖት ሌላ» አሉ። እንዲህ ነው እንግዲህ የኛ ነገር!

ቅዳሜ ተሾመ ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። ድሮ ቢሆን ተደራርበን እንወጣበት ነበር። አሁን ያ ኤድስ የሚሉት አዲስ በሽታ በላብ ይተላለፋል እየተባለ የሚወራበት ጊዜ ነው፤ ሁሉም ከሩቅ አጨበጨበና ወደየቦታው ተመለሰ። ሮጬ ሄጄ አቀፍኩት። «ተው፣ ያዩሃል» አለኝ።

የዚያ ወር ተራ የተሾመ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ የኔ። ዋዜማውን ጋሽ በላቸው በስልክ ኮል አደረጉልኝ።

«ለቅዱስ ሚካኤል ስንል እንሄዳለን። ጽዋውን ግን ከእጁ እንዳትቀበል። ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠው፣ እኔ አንስቼ እሰጥሃለሁ።»

«ብቀበልስ ጋሼ?»

«እንግዲያው አንተም ቤት የሚመጣ የለም። አስብበት።»

ሳን ሆዜ ደረስን። ምስኪን፣ ቤቱን እንደ ሙሽራ ቤት አሰናድቶ ጠበቀን። ዳቦው ከኛ ሁሉ ዳቦ ያማረ ነበር። ግን አንዱ ሆዴን አመመኝ ይላል፣ ሌላው «ጾም ላይ ነኝ» ይላል፤ በጠራራ እሑድ! ዳዊት ከታክሲው የወረቀት ኩባያ ይዞ መጥቶ እሱንም ባዶውን ይዞ ተቀመጠ። ጸሎቱ ሲያልቅ ተሾመ ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ፊቴ ቆመ።

«ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው» አሉ ጋሽ በላቸው።

አላስቀመጠም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እኔ መጽሐፉ የሚለውን አውቃለሁ፤ ተሾመንም አውቃለሁ። ሁለቱን ማስታረቅ እስከ ዛሬ አልቻልኩም። ተነሥቼ ከእጁ ተቀበልኩና ተጎነጨሁ። ማንም «ያድርሰን» ያለ የለም። ጫማቸውን እንኳ በወጉ ሳያስሩ ወጡ።

በወሩ እኔ ቤት ጠላ ጠምቄ፣ ወንበር ተውሼ ጠበቅኩ። የመጣው ተሾመ ብቻ ነው፤ አውቶቡስ ቀያይሮ። ጸሎቱን እሱ መራ፤ ከኔ ይልቅ እሱ ይችልበታል። ስንጨርስ ጽዋው እጄ ላይ ቀረ።

«በል ስጠኛ» አለኝ።

«ባለፈው ወር የነበርከው አንተ አይደለህ?»

«ታዲያ ሌላ ማን አለ?»

ሰጠሁት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ጽዋው ከኦክላንድ ሳን ሆዜ፣ ከሳን ሆዜ ኦክላንድ ይመላለሳል። ቴሌግራፍ ላይ የማኅበር ወንድሞቼ ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ። ሰላምታቸው ናፈቀኝ ብል አላፍርም።

ለፋሲካ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ብርዱ ጠይቃኝ ስታበቃ «ማኅበራችሁስ? ስንት ሆናችሁ?» አለችኝ።

«ሁለት።»

«ምነው? ሌሎቹን ምን በላቸው?»

መዋሸት ታከተኝ። ነገርኳት፤ ሁሉንም። መስመሩ ይጮኻል።

«ተሾመ ማለት ያ በወባ ጊዜ ደግፎ ያሻገረህ ልጅ?»

«አዎ እማዬ።»

«ወይ የኔ ጌታ...» አለች። ቀጥላ «የሚመጣው ወር የማን ተራ ነው?» አለችኝ።

«የሱ።»

«ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

ስትተነፍስ ተሰማኝ። አንድ ነገር ልትል ጀመረች፤ «እንግዲያው» ያለች መሰለኝ። ስልኩ ተዘጋ። መስመሩ ይቋረጥ እሷ ትዝጋው አላወቅኩም፤ መልሼ ለመደወል እጄ እምቢ አለኝ።