ወፍራሙ ቱቦ እስኪቀዘቅዝ

ይህን ሰው በደንብ አውቀዋለሁ ማለት አልችልም። ጋራዡን ከተከራየሁበት ክፍል የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለሆነ ሲስል እንኳ እሰማዋለሁ፤ ስለ ራሱ ያጫወተኝ ግን እፍኝ አይሞላም። የመኪና ኤሲ ስለሚጠግን ሰፈሩ «በረዶ» ይለዋል። ስሙን ጠይቄው አላውቅም። መጀመሪያ አፈርኩ፣ በኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈ።

ከእናቱ ጋር ከጋራዡ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ይኖር ነበር። እናቱን ልባቸውን ያማቸዋል። ሐኪማቸው ያለው ታላቅ እህቱ በምትኖርበት ቆላ ከተማ ስለሆነ፣ እህትየዋ ጠቅልላ ልትወስዳቸው መጣች። የሚያስፈራው መንገዱ ነው። ባለፈው ለምርመራ ሲሄዱ የመኪናዋ ኤሲ ግማሽ መንገድ ላይ ሙቅ አየር መንፋት ጀመረ፤ እናትየው ራሳቸውን ስተው፣ ውሃ ተርከፍክፎባቸው ነው የነቁት።

በሚሄዱበት ቀን ጠዋት እህትየዋ መኪናዋን ጋራዡ ውስጥ አስገባች። እኔ እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ አሮጌው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ጋዝ ሙላልኝና ልሂድ» አለችው።

«ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም፣ እታለም። ካነሰ አምልጧል ማለት ነው።»

«አሁን ደግሞ ሊያስተምረኝ ነው! ባለፈው የሠራኸው አንተው አይደለህ እንዴ?»

ኮፈኑን ከፈተ። የጋዙን ግፊት የሚለካውን ጌጅ ሰካ፤ መርፌው ታች ወርዶ ቆሟል። ጋዙ ሲያንስ እሱን እየጨመቀ የሚያዞረው ኮምፕሬሰር አልነሳም ይላል። መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀባቸው፤ የትም አልተነፋም። ከዚያ ባትሪ ይዞ ከመኪናው ሥር ገባ። ቀዝቃዛውን ጋዝ የሚመልሰው ወፍራሙ ቱቦ ከኮምፕሬሰሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አቧራ የለበሰ ቅባት አገኘ። ጋዙ ሲያመልጥ ዘይቱንም ትንሽ ትንሽ ይዞ ነው የሚወጣው። ፈታው። ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት በአንድ በኩል ተቆንጥጦ ተሰንጥቋል።

«ዘይት ሳይቀባ ነው የገባው» አለ።

«የትኛው ደደብ ነው እንዲህ የገጠመው?»

«እኔ ነኝ። ያን ቀን እማዬ መድኃኒቷ አልቆባት፣ ፋርማሲው ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ ቸኮልኩ።»

ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም። ስለ ሌላ ሰው ሥራ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። እህቱም ባትሪውን ከመሬት አንስታ አበራችለት።

አዲስ ቀለበት ዘይት ቀብቶ ገጠመ። በፓምፕ አየሩን መጥጦ አወጣና፣ መርፌው ንቅንቅ እንደማይል እስኪያምን ድረስ ጌጁ ፊት ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ጋዝ ሞልቶ ሞተሩን አስነሳ። ወፍራሙን ቱቦ የዳሰሰው ግን በጣቶቹ አይደለም፤ እጅጌውን ሰብስቦ በክንዱ የውስጥ በኩል ነው። ከዓመታት በፊት ያመለጠ ጋዝ የቀኝ እጁን ጣቶች በቅዝቃዜው አቃጥሏቸው፣ ከዚያ ወዲህ ሙቁን ከቀዝቃዛው አይለዩም። ይህንንም የነገሩኝ እናቱ ናቸው።

«ቀዝቅዟል» አለ።

እናትየው ሹራባቸውን ደርበው፣ በልጃቸው ተደግፈው መኪናው ውስጥ ገቡ። ቀዝቃዛው አየር ፊታቸውን ሲመታቸው፣

«እናንተ ልጆች፣ ፍሪጅ ውስጥ ልታስቀምጡኝ ነው?» አሉ።

«እንዳትበላሺብን ነው» አላቸውና መንፊያውን ትንሽ ወደ ጎን አዞረው። እህትየዋ ሳቀች።

«አንተስ አትመጣም?» አሉት እናቱ።

«ሥራ አለ፣ እማዬ።»

«ሥራው መቼ ነው የሌለው?»

በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ቀኝ እጁን ያዙት። ብርድ የመታውን ሕፃን እንደሚያሞቁ ሁሉ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያሹ ቆዩ። እሱ ዓይኑን ከመኪናው ጎማ ላይ አልነቀለም።

«በሉ መስኮቱን ዝጉት» አለ ቆይቶ። «ቅዝቃዜው ይወጣል።»

ሄዱ። እሱ ወደሚቀጥለው መኪና ዞረ። ምሳም ሲበላ አላየሁትም።

ወደ ማታ ስልኩ ጮኸ። እህቱ ስትናገር ድምፅዋ እኔ ዘንድ ድረስ ይሰማ ነበር፦ «ገብተናል! መንገዱን ሙሉ ተኝታ ነው የመጣችው፣ እንዲያውም በረደኝ ብላ አስቀንሳኛለች!»

«እሺ» አለና ዘጋው።

«እንኳን በሰላም ገቡ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንዴት እንደ ደፈርኩ እንጃ፣ «ጠዋት እጅህን ይዘው ሲያሹህ... ተሰማህ?» አልኩት።

ቀኝ እጁን ገልብጦ መዳፉን አየው።

«ጋሼ፣ ያቺን ጨርቅ ያቀብሉኝ» አለ።

አቀበልኩት።