ጣት ብቻ የሚሰማ ኮምፒውተር

እኔን ብሎ መዝሙር ቀጂ። ስልኬ ሲጮህ እንኳ የቱን እንደምነካ ጠፍቶኝ ለሰው የምሰጥ ሴትዮ፣ የሙዚቃ ኪቦርድና ኮምፒውተር ላገናኝ ተነሳሁ። ያውም ቡናዬ ውጭ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ዶሮ እየጫረው። ማን ጠራኝ? ማንም። ንዴቴ ነው የጎተተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ሆነን ቡና ስንለቅም የምንለው ዜማ ነበረ። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቻችን እንቀበላለን። ኋላ ጌታን ሳገኝ በዚያው ዜማ ላይ የምስጋና ቃል በቤንችኛ አደረግኩበትና መዝሙር ሆነ። እዚህ ሚዛን ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ ስንት ዘመን ተዘመረ። ዝግ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ቅርጫትሽን ወገብሽ ላይ አስረሽ፣ ቅርንጫፉን ወደ ታች እየሳብሽ የምትዪው ዓይነት።

በቀደም ወጣቶቹ አነሱት። ደስ ብሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ፊት ወንበር ላይ ተሰየምኩ። ከዚያ ያ ኪቦርዳቸው ድም ድም ድም ማለት ጀመረ። መዝሙሬን ፍሬን እንደሌለው ባጃጅ ቁልቁለት ለቀቁት። አውራጇ ቃሏን ሳትጨርስ ተቀባዮቹ ይደርሱባታል። ምስጋና ነው ወይስ እሩጫ?

ሲያልቅ ለመዘምራኑ መሪ ነገርኩት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ሰማኝና፣ «እማማ፣ የእርስዎ አካሄድ ከኪቦርዱ ጋር አይሄድም» አለኝ።

አይሄድም። እኔ ያንን መዝሙር ስዘምር የእሱ እናት ገና አልተወለደችም፤ ኪቦርዱ ደግሞ ትናንት በካርቶን የመጣ ነው። ይሄው አሁንም ስናገረው ጆሮዬ ይግላል። ይባስ ብለው እሁድ ቤተ ክርስቲያናችን በሚያዘጋጀው ኮንፈረንስ ሊዘምሩት ነው። ከሸኮም ከቴፒም ሰው ይመጣል። ያ ሁሉ ሕዝብ የሷ መዝሙር ይሄ ነው ብሎ ያንን እሩጫ ይዞ አገሩ ሊገባ ነው።

ቤት ገብቼ ከድስትም ከወንበርም ስጣላ የልጅ ልጄ ታዘበችኝ። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ኪቦርድም ትነካለች። ይሄንንም የምትጽፍልኝ እሷው ናት፤ መልሳ ሳታነብልኝ ግን አላልፋትም፣ ስለ ራሷ ያለውን ልትዘል ትችላለች።

«አያቴ፣ አንቺ ዘምሪ፣ እኔ በኪቦርድ ቀስ ብዬ ልከተልሽ። ኮምፒውተሬ ላይ እንቀዳዋለን። ከኪቦርድ ጋር መሄድ አለመሄዱን በጆሯቸው ይስሙት» አለችኝ።

ይሄ ምክር ልቤ ውስጥ ገባ። ለፍቅር ሳይሆን ለብቀላ።

ቅዳሜ ጠዋት ኪቦርዱን ከቤተ ክርስቲያን ተውሳ መጣች፤ ምሳ ሰዓት ላይ ለልምምድ ይፈልጉታል። ማገናኛ ገመዱ ግን የለም። አንድ ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነ፣ ፕሪንተር ላይ የሚሰካው ዓይነት ይሆናል አለች። ተነስቼ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ፣ «እማማ፣ ፕሪንተር ገዙ እንዴ?» አለኝ። ላገባ ነው፣ የሰርግ መጥሪያ ማተሚያ ነው አልኩት። እየሳቀ ከራሱ ፕሪንተር ላይ ነቅሎ ሰጠኝ።

ገመዱ ተሰካ። ኮምፒውተሩ ግን ኪቦርዱን አላየሁም አለ። ነቀለች፣ ሰካች፣ በሌላው ቀዳዳ ሞከረች። እኔ ስንቱን ሰው ያጋባሁ ሴት ነኝ፣ እንዲህ የሚግደረደር ሙሽራ አላጋጠመኝም። በመጨረሻ ሁለቱንም አጥፍታ ስታበራ ተያዩ። የኪቦርዱን ድምፅ የእኔን እንዳይሸፍን ብላ ዘጋችው፤ እሷ ጆሮዋ ላይ በደፋችው ማዳመጫ ትሰማለች። ሙቀት ስለነበር በሩን ከፈትነው። በይ ጀምሪ አለችኝ።

ዘመርኩት። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ያኔ ጫካ ውስጥ እንደምንለው አድርጌ፣ ከሆዴ ዘመርኩት። ቃል ስጨርስ ለተቀባይ ቦታ እየተውኩ፣ እሷም እዚያ ላይ በጣቷ እየመለሰችልኝ። ስጨርስ ላብ አጥምቆኛል።

ማዳመጫውን እኔ ጆሮ ላይ አደረገችልኝ። ኪቦርዱ መጣ። ያምራል፣ ዝግ ያለ ነው፣ ልክ ነው። እኔ እስክመጣ ጠበቅኩ። አልመጣሁም። ለእኔ የተተወው ቦታ ላይ ዝም ነው። ተቀባይ ይመልሳል፣ አውራጅ የለችም። ራሴን በራሴ መዝሙር ላይ ቀሪ ሆኜ አገኘሁት።

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። ገመዱ ድምፅ አይወስድም አለች ቀስ ብላ፤ የቱ ቁልፍ እንደተነካ ብቻ ነው ለኮምፒውተሩ የሚነግረው። የሰው ድምፅ በሌላ በኩል፣ በኮምፒውተሩ ማይክ ነው የሚገባው፣ እሱን ረስቼዋለሁ አለች። አስቡት። እኔ ነፍሴ እስክትወጣ ስጮህ፣ ያ ዕቃ የእሷን ጣት ሲያዳምጥ ኖሯል።

«ታዲያ እኔ አፌን ከፍቼ የዋልኩት ለማን ነው?»

ችግር የለም አለች፣ አሁን ማይኩን ከፍቼልሻለሁ፣ በተቀዳው ጣቴ ላይ ዘምሪበት። ሞከርኩ። ማዳመጫው ይጎትተኛል። ትንፋሽ ልወስድ ስል እሱ አልፏል፤ ስደርስበት ደግሞ ይቆምብኛል። ለካ እነዚያ ወጣቶች የሚሯሯጡት ይሄንን ሲያሳድዱ ነው። አውራጅ ተቀባይን ተከትላ ታውቃለች? አውልቄ አልጋው ላይ ወረወርኩት። ልጅቷን ሳይሆን ዕቃውን ነው የሰደብኩት፤ እሷ ግን አለቀሰች። ይሄንንም ጻፊው ብያታለሁ።

እንደገና እንጀምር ሳንል ባጃጅ በር ላይ ጮኸ። የመዘምራኑ መሪ ራሱ ኪቦርዱን ሊወስድ መጥቷል። «ተቀዳ እማማ?» አለኝ በዚያ ጨዋነቱ። ጣት ተቀድቷል አልኩት። ግራ ገብቶት ፈገግ አለና ኪቦርዱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ሄደ። እዚያው ቆመህ ስማኝ ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ኩራቴ መለሰው።

ወጥቼ ዶሮዋን ከቡናዬ ላይ በድንጋይ አባረርኩና ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። የአጥር ጎረቤቴ፣ ድሮ አብራኝ ቡና የለቀመች፣ የእሷን ቡና እያገላበጠች ነበር። በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ምን ሆንሽ አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማንም ሳይሰማኝ ቀረ አልኳት።

«እኔስ? አንቺ ስታወርጂ እዚህ ሆኜ ስቀበልሽ አልነበር?» አለች የቡና ማገላበጫ እንጨቷን ተደግፋ። «እሁድ ሂጂና ፊታቸው ቆመሽ አውርጂው፣ እኔ እቀበልሻለሁ። ሁለተኛውን ስንኝ ግን ዛሬ ዘለልሽው። እሱን በቃልሽ ሳትይዢ ነው ሰው የምታርሚው?»