አያ ታከለ ያላዩት ቀለም

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጆቼ ዋና ሊለማመዱ ስለፈለጉ ባጃጅ ይዘን ኮረብታው ላይ ወዳለው ሆቴል ወጣን። ገንዳው ዳር አንድ ወጣት በቀጭን ብልቃጥ ውሃ ቀድቶ፣ ጠብታ ጨምሮበት፣ ቀለሙን በጥቁር መነጽር ውስጥ ይመለከታል። ጡረታ ብወጣም ዝም ማለት አልቻልኩም። «ልጄ፣ መነጽርህን አውልቅ፤ ከብልቃጡ ጀርባም ነጭ ወረቀት አድርግበት» አልኩት። ሳቅ ብሎ እንዳልኩት አደረገ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ልጆቹን እያየሁ የማስበው አያ ታከለን ነበር።

እሳቸውን ሳውቃቸው ገና ወጣት ነበርኩ፤ የላቦራቶሪ ትምህርቴን ጨርሼ የሥራ ምደባ እጠብቅ ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ሰው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ አይወዱም ነበር። የማኅበር ጓደኛቸው አቶ ጌታሁን ከጎንደር ፒያሳ ብዙም የማይርቅ ሆቴል ያስተዳድሩ ስለነበር፣ የመዋኛ ገንዳቸውን ውሃ እንድመረምር አባቴ ላኩኝ።

ታኅሣሥ ነበር። የጎንደር ታኅሣሥ ጠዋት እንዴት እንደሚቆነጥጥ የቀመሰው ያውቀዋል። ከቤት የያዝኩት ትኩስ ቆሎ ኪሴ ውስጥ እጄን እያሞቀኝ ሆቴሉ ደረስኩ። አቶ ጌታሁን አላስቀመጡኝም፤ በቀጥታ ወደ ገንዳው ወሰዱኝ። ውሃው ደፍርሷል።

«የሚዋኘው ሰው ሁሉ ዓይኑ ይቀላል» አሉኝ። «ትናንት የአንዲት ሕፃን ዓይን አብጦ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ታከለ ግን በየቀኑ ለክቻለሁ፣ ደህና ነው ይለኛል። ወይ አይለካም፣ ወይ ይዋሸኛል። አይተሽ ንገሪኝ። ለጥምቀት እንግዳ ሳይመጣ አሰናብተዋለሁ።»

አያ ታከለ የዛሪማ ሰው ናቸው። ወንዝ ውስጥ ዋና ለምደው አድገው፣ እዚያ ገንዳ ላይ ለዓመታት ልጆች ሲያስተምሩ ኖረዋል። ውሃውን ይለካ የነበረው ሰው ጡረታ ሲወጣ፣ ታማኝ ናቸው ተብሎ ሥራው ለእሳቸው ተሰጠ። ገና ጥቂት ወራቸው ነበር።

ሲለኩ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ብልቃጡን አጠቡት። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው አጥልቀው ከሥር ቀዱ። ጠብታውን ቆጥረው ጨመሩና ቀስ አድርገው ወዘወዙት። አንድም ስሕተት የለባቸውም። ከዚያ ብልቃጡን ከቀለም ናሙናው ካርድ ጎን ያዙት።

«እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ሸጋ ነው። ብርቱካንማው ላይ ነው።»

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግን ደማቅ የጽጌረዳ ቀለም ነበር። ነገሩ ከባድ አይደለም፤ ውሃው ቢጫ ካሳየ ኮምጥጧል፣ ወደ ብርቱካንማ ካደላ ደህና ነው፣ እንደ ጽጌረዳ ከቀላ ግን ክሎሪኑ ጉልበት ያጣል፣ ዓይንም ያቃጥላል። ምናልባት ፀሐዩ ይሆናል ብዬ ጥላ ውስጥ ገብተን፣ ነጭ ወረቀት ከጀርባው አድርገን ደገምነው። መልሳቸው ያው ነበር። ተናደድኩ። ፊት ለፊቴ ይዋሹኛል አልኩ በልቤ። ሆኖም ፊታቸው ላይ የውሸት ምልክት ፈልጌ አጣሁ።

ከምሳ በኋላ ከሆቴሉ ጀርባ፣ አጥሩ ላይ ከበቀለው ቀጋ እየለቀምን ቆምን። እኔ ቀያዮቹን እያየሁ እቀጥፋለሁ። እሳቸው ግን እያንዳንዷን ፍሬ በጣታቸው ጫን እያደረጉ ይዳብሳሉ።

«አያ ታከለ፣ ምነው ይዳብሱታል?»

«መብሰሉ በምን ይታወቃል ታዲያ?»

«በቀለሙ ነዋ» አልኩና የጠዋቱ ብልቃጥ ትዝ አለኝ።

አንድ የበሰለና አንድ ጥሬ ፍሬ መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። አገላብጠው አይተው «አንድ ዓይነት ናቸው» አሉ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እናታቸው ስፌት ይሰፉ እንደነበር፣ ቀዩን አለላ አምጣ ሲሏቸው አረንጓዴውን እያመጡ «ይህ ልጅ ልብ የለውም» ተብለው ስንት ጊዜ እንደተገረፉ ነገሩኝ።

«ሰው ሁሉ እንደኔ እየገመተ የሚኖር ይመስለኝ ነበር» አሉ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከታች ከመንገዱ የመኪና ድምፅ ይሰማል፤ ፀሐዩ ጀርባችንን ያሞቀናል።

በመጨረሻ «ለሥራ አስኪያጁ አልዋሹም ብዬ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

«ተይው ልጄ። እኔው እነግረዋለሁ።»

ጋቢያቸውን አስተካክለው ቢሮ ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። «ጌታው፣ ቀለሙ ለዓይኔ አይለይም። ለክቼ ነበር፤ አልሰነፍኩም። ያወቅሁት ግን ዛሬ ነው» አሉ። አቶ ጌታሁን አላመኑም። ጠረጴዛቸው ላይ ከነበሩት እስክሪብቶዎች ቀይና አረንጓዴውን አነሱና «የቱ ነው ቀዩ?» አሉ። አያ ታከለ ተጨንቀው ተጨንቀው አረንጓዴውን ነኩ። አቶ ጌታሁን እስክሪብቶዎቹን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«እኔ እኮ በሰው ፊት ውሸታም ብዬሃለሁ» አሉ፤ ከዚያም ወንበር ስበው አስቀመጧቸው።

ከሰዓት በኋላ ውሃውን ወደ ብርቱካንማው የሚመልሰውን አሲድ በጥንቃቄ እየለካን በጥቂት በጥቂቱ ጨመርን። ጥምቀት ሳይደርስ የገንዳው ወለል ጥርት ብሎ ታየ። ቀለም ማንበቡ ለሆቴሉ ልብስ አጣቢ ተሰጠ፤ አያ ታከለ ወደ ዋና ማስተማራቸው ተመለሱ። ቅር አላቸው ወይስ ደስ አላቸው፣ አልጠየቅኋቸውም። ከዓመታት በኋላ የኔንም ልጆች ዋና ያስተማሩ እሳቸው ናቸው።

እኔ ምደባዬ ደርሶ ሆስፒታል ገባሁ፤ ጡረታ እስክወጣም በላቦራቶሪ ሠራሁ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ብቻውን አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ቀለም አስነብበው ነበር። አብዛኞቹ ምን ነካት ይሉኝ ይሆናል። አንድ ጎበዝ ወጣት ግን ቀዩን አረንጓዴ ብሎ አንብቦ ሲጨርስ ፊቴን አይቶ ነገሩ ገባው። አንገቱን ደፋ። ምክር አልሰጠሁትም፤ ወንበሬን ወደ እሱ አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ደጅ ሰው ሲያንኳኳ «ቆዩ፣ ሥራ ላይ ነን» አልኩ።