የመምሬ ጥሩነህ ኩርፊያ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ በረት ተቃጥሎ፣ እሳቱ ሳይበርድ ዝናብ መታው። የእርጥቡ አመድ ሽታ ቤቴ ሲገባ ምሳዬን መጨረስ አቃተኝ። ልጆቹ «አሞሽ ነው?» አሉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው! ያ ሽታ የጣልያን ጊዜ ደብረ ታቦር ሽታ ነው፤ ሶላቶ ያቃጠለው ሣር ቤት፣ በላዩ ከጉና ተራራ የወረደ ጉም፣ በላዩ ዝናብ። ያን ጊዜ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሽታው በመጣ ቁጥር ደግሞ ጎረቤታችን መምሬ ጥሩነህ ይመጡብኛል።

መምሬ የደብራችን ቄስ ነበሩ። ሚስታቸው ቀደም ብላ ስለሞተች ከአንድ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሲቀድሱ ያለቅሳሉ። ለታይታ እንዳይመስላችሁ፤ እንባው ጢማቸው ላይ ሲወርድ መጥረጉም ትዝ አይላቸው። እናቴ «እኚህ ሰው አምላካቸውን እንደ ትናንት ሙሽራ ነው የሚወዱት» ትል ነበር። እኔ ልጅ ነኝ፣ ምኑ ይገባኛል፤ ድምፃቸው ደስ ስለሚለኝ ብቻ ከሴቶቹ ፊት ተሽቀዳድሜ እቆም ነበር።

ልጃቸው ዲያቆን ነበር። ለቁርባን የሚሆን ዘቢብ እንዲያመጣ ይፋግ ገበያ ላኩት። ሲመለስ ሶላቶዎች መንገድ ላይ አገኙትና «ለአርበኛ ስንቅ ታደርሳለህ» ብለው ተኮሱበት። በቃሬዛ ሲያመጡት የዘቢቡ ከረጢት ከአንገቱ አልወረደም ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ደረቱን ሲደቃ መምሬ ብቻ አላለቀሱም። ከዚያን ቀን ወዲያ ሲያለቅሱ ያያቸው ሰው የለም።

በተከታዩ እሑድ «አፌን ስጉመጠመጥ ውኃ ዋጥሁ» ብለው ከቅጽሩ ውጭ ተቀመጡ። ውኃ የዋጠ ቄስ በዚያ ቀን መቅደስ አይገባም። ሰዉም «ወይ ሐዘን፣ እንዲህ ልብ ያስረሳል» ብሎ አዘነላቸው። በሌላውም እሑድ ያው ሆነ፤ በሦስተኛውም። የቀሩት ካህናት ሸሽተው ሁለት ቄሶች ብቻ ነበሩን፤ በአንድ ቄስ ደግሞ ቅዳሴ አይገባም። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ። ሰው ደጁን ተሳልሞ መመለስ ጀመረ። ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም።

በዚህ መሐል እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች። አባታችን ጫካ ገብቷል፣ እህል የለም፣ ጡቷ ደርቋል። ሕፃኑ ከቀን ቀን መነመነ። አርባ ቀኑ ሲሞላ ክርስትና ልታስነሳው ይዛው ሄደች፤ ክርስትናው ያለ ቅዳሴ አይሆንም፣ መምሬ ደግሞ ውኃ ውጠዋል ተባለ። ሌላ ደብር እንዳትወስደው መንገዱን ወታደር ይዞታል። «ክርስትና ሳይነሳ ከሞተብኝ ከቅጽሩ ውጭ እንደ ውሻ ሊጣልብኝ አይደል!» እያለች ታቅፋው ተመለሰች። እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

ለመምሬ ውኃ የምቀዳላቸው እኔ ነበርሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ገንቦ። በሚቀጥለው እሑድ ማለዳ እሳት ልጭር እቤታቸው ብሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ። መምሬ ከገንቦው ሥር ቆመዋል። በቅል ቀዱ፤ እንደ ልማዳቸው ሊያማትቡ እጃቸውን አነሱና መልሰው ጣሉት። ሊጠጡ ቅሉን ወደ አፋቸው አስጠጉት፤ ጉምጥምጦሽ የለ፣ ምን የለ! ያን ጊዜ ገባኝ።

«መምሬ! ሆን ብለው ነው እንዴ የሚጠጡት?»

ደነገጡ። «ሂጂ ወደ ቤትሽ» አሉ።

ምን እንደ ነካኝ እንጃ፤ ቅሉን ሳይቀምሱት ከእጃቸው መንትፌ፣ ገንቦውን ገፍቼ ገለበጥሁት። ውኃው በመሬቱ ሄደ። «ወንድሜ ሊሞት ነው! እኔ በቀዳሁት ውኃ!» እያልሁ ጮኽሁ።

ይመቱኛል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን መደቡ ላይ ዝርፍጥ አሉ። «ልጄን የላክሁት ለእርሱው መሥዋዕት ነበር» አሉ፣ ድምፃቸው ልክ እንደ በሽተኛ። «ለእርሱው ጉዳይ! ታዲያ ምን ብዬ ላመስግነው?»

«ለእኔ ምን ይነግሩኛል? ገብተው ለእርሱው አይነግሩትም!»

የብልግናዬ ብልግና! ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቀላል። መምሬ ከመደቡ ተነሡ። ከዚያ ነጠላቸውን ከግድግዳው አወረዱና ወጡ።

ያን ዕለት ወንድሜ ክርስትና ተነሣ፤ ቅዳሴም ተቀደሰ። የመምሬ ያ ያማረ ድምፅ ግን አልነበረም፤ ሻካራ ነበር፣ የሚቆጣ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲሉ የሚለምኑ ሳይሆን አንገት ለአንገት የተናነቁ ይመስላሉ። ሦስቴ ከሚባለው ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ሦስተኛውን ሕዝቡ አለላቸው። ሲያቆርቡን እንባው ጢማቸው ላይ ነበር። ወንድሜ አንዲት ጠብታ ደም ቀመሰ፤ እናቴ እልል አለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ። መምሬ ራሳቸው ታቅፈው ከልጃቸው አጠገብ ቀበሩት።

ከዚያ በኋላ እኔ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ብዬ እምቢ አልሁ። እናቴ ብትለምን፣ ብትገርፍ ወይ ፍንክች። አንድ ቀን መምሬ መጥተው ደጃችን ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። አልመከሩኝም፣ ምስጋና ይግባቸው።

«አኩርፌው ነበር ልጄ» አሉኝ። «ልጄ ሲቀደስ በስተቀኜ ነበር የሚቆም። እኔ አኩርፌ ውጭ ስቀመጥ ያችኑ ቦታውን ደግሞ አጣኋት። አሁን ግን እገባለሁ፤ እጮኽበታለሁ፤ እርሱም ይሰማኛል። አንቺም ተጣዪው። ብቻ አታኩርፊው።»

በዓመቱ እርሳቸውም በሳል ሞቱ። መስቀላቸውን ደብሩ ወሰደው፤ ለእኔ የተረፈኝ ነገር ይኸው ንግግራቸው ነው። ከዚያ ወዲህ አግብቼ ሦስት ልጆች ቀብሬያለሁ። ሦስቴም፣ በሠልስቱ ማግሥት፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ተጣልቼዋለሁ።