የአባቴ የብስኩት ቆርቆሮ

አባቴ ኡ ምያ ታውን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ጫማ ሲያጸዳ ኖረ። የሚሠራው በማንዳላይና በባጋን መካከል በኢራዋዲ ወንዝ በምትመላለስ የቅንጦት መርከብ ላይ ነበር። ቱሪስቶቹ ወንዙን እያዩ ቁርሳቸውን ይበላሉ፣ ከዚያ ወርደው ከፓጎዳ ፓጎዳ፣ ከአንዱ የቡድሂስት መቅደስ ወደ ሌላው ሲዞሩ ይቆያሉ። ሲመለሱ አባቴ መሰላሉ ሥር ይጠብቃቸዋል። ዱካ አዘጋጅቶ ያስቀምጣቸዋል፣ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ያጥባል፣ ንጹሕ ነጠላ ጫማ ያቀርብላቸዋል። የቆሸሸው ጫማ ጸድቶ ከየባለቤቱ በር ላይ ይገኛል። በዚያ ሁሉ ዓመት የአንዱን ጫማ ለሌላው ሰጥቶ አያውቅም።

ዛሬ ይህን የማወራው ደረቴን ነፍቼ ነው። በሃያ ሦስት ዓመቴ ግን አፍርበት ነበር። እኛ ዘንድ እግር ዝቅ ያለ ነገር ነው፤ ጫማ ደግሞ ከእግርም ያንሳል። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ባጋን ከአክስቴ ጋር ነው ያደግኩት፤ አባቴን የማየው በየአሥር ቀኑ፣ መርከቧ ስትቆም ነው።

ከጫማውም የባሰ የሚያሳፍረኝ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበረው። ከፓጎዳ ግቢ አፈር ይዞ መውጣት ትልቅ ጥፋት መሆኑን እኛ ከሕፃንነታችን እናውቃለን፤ ቱሪስቶቹ ግን ከየት ያውቁታል? ግቢው ውስጥ በባዶ እግራቸው ይዞራሉ፣ አቧራው እንዳለ ጫማቸውን ያደርጋሉ፣ ይመጣሉ። አባቴ ታዲያ ከጫማቸውም ከእግራቸውም የሚወርደውን አፈር አድርቆ በዚያ ቆርቆሮ ያጠራቅማል። ባጋን በደረሰ ቁጥር ወርቃማው ፓጎዳ ድረስ ተሸክሞት ይሄድና ሰሜን በር ካለው ግንብ ጥግ ይመልሰዋል። ከዚያ እንደ ደንባችን “ከዚህ መልካም ሥራ ተካፈሉ” ብሎ ሦስት ጊዜ ይናገራል፤ እኔ ሦስት ጊዜ “መልካም ነው” ብዬ እመልሳለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ሰው ያየኛል ብዬ አብሬው መሄዱን ተውኩት። አንድም ቀን ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ኋላ ኮ ፒዬ የሚባል አስተማሪ ወደድኩ። እናቱ ዶ ትዌ በየማለዳው ወርቃማውን ፓጎዳ ከሚጠርጉት ምእመናን አንዷ ናት፤ ከመጥረጊያዋና ከምላሷ የቱ እንደሚፈጥን እስካሁን አልለየሁም። ገና በተዋወቅን ዕለት አባቴ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። መርከብ ላይ ነው አልኳት። መርከብ ላይ ምን? አለችኝ። አፌ አመለጠኝና መርከቡን የሚነዳው እሱ ነው አልኩ። እውነቱን የሚያውቀው ኮ ፒዬ ሻዩ ትን አለው።

በዝናቡ ወራት፣ መነኮሳቱ ሱባኤ ላይ ሳሉ፣ ጋብቻ አይወራም። ስለዚህ ሦስት ወር ተነፈስኩ። ሱባኤው በሙሉ ጨረቃ በተፈታበት ቀን ግን ዶ ትዌ ወደቡ ድረስ ሄጄ አባትሽን ለልጄ እንዲድርሽ እጠይቀዋለሁ አለችኝ። በአባቴ ፊት ውሸቴ ከተጋለጠ ጋብቻው እንዳበቃለት አውቄዋለሁ።

በማለዳ ሮጬ መርከቧ ጋ ደረስኩ። አባቴ አንድ ሶል እየፋቀ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሶሉን አገላብጦ ማየት ቀጠለ።

“ዛሬ ጾመኛ ነኝ፣ ሳን ዪ፤ አልዋሽም” አለኝ በመጨረሻ። “ካልተጠየቅኩ ግን አልናገርም።”

ነገሩን የሰማው ካፒቴን እየሳቀ ነጭ ቆቡን አዋሰው። ቆቡ ሰፍቶት ጆሮው ላይ አረፈ።

ዶ ትዌ ሙዝና ኮኮናት አስይዛ ከልጇ ጋር መጣች። ከመሰላሉ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ስለ ወንዙ ጠየቀችው፤ አሸዋው ዘንድሮ የት እንደተከመረ፣ ውሃው መቼ እንደሚጎድል አባቴ አንድ በአንድ ነገራት። ውሸት አላስፈለገውም። እኔም ልቤ መረጋጋት ጀመረ።

ያኔ ቱሪስቶቹ ተመለሱ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ዳገቱ ያንሸራትታል። አንዲት አሮጊት እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ገብተው፣ ባዶው ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን አንሥተው አባቴን በዓይናቸው ይፈልጉ ጀመር። አባቴ አንዴ አየኝ። ከዚያ ቆቡን ጭኔ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

የሁሉንም እግር አጠበ። ዶ ትዌ የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ጠበቀችና ፊቱ ሄዳ ቆመች።

“መርከቡን የሚነዱት እርስዎ ነዎት?”

“አይደለሁም፣ እትዬ። ጫማ ነው የማጸዳው።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የዶ ትዌ ዓይን ግን ቆርቆሮው ላይ አረፈ። ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ አባቴ አስረዳት። ስትሰማው ቆይታ ዱካው ላይ ተቀመጠች።

“የሚደፉት ሰሜን በር፣ ግንቡ ጥግ ነው?”

“አዎ።”

“ስድስት ዓመት ሙሉ የምራገመው ሰው እርስዎ ነዎታ። የጠረግኩት ቦታ ላይ ቆሻሻ የሚደፋው ማን ባለጌ ነው እያልኩ!”

በቃ አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን ፊቷ ተለዋወጠ፣ ድምጿም ዝቅ አለ።

“እኔ እኮ እየጠረግኩ ከግቢ ውጪ መንገድ ላይ ነው የምደፋው” አለች።

ለካ ስድስት ዓመት አባቴ ሲያስገባ እሷ ስታስወጣ ኖራለች፤ ያውም ጽድቅ እየሠራሁ ነው ብላ። አባቴ ሳያውቁ ያደረጉት ነው፣ የሚታየው ልብዎ ነው እያለ አጽናናት። እሷ ግን ቆርቆሮውን አንሥታ ብድግ አለች፤ ዛሬ የምሸከመው እኔ ነኝ አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“የዋሸሽኝ እኔን ፈርተሽ ነው ወይስ በእሱ አፍረሽ?”

“አፍሬበት ነው” አልኩ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር።

“እንግዲህ ይቅርታውን ከእሱ ጠይቂ። ልጄን የምድረው ከእሱ ቤት ነው” አለች።

ወደ ፓጎዳው ስንሄድ ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። አባቴ ቀድሞኝ፣ “ቆርቆሮው ከብዷቸዋል፣ ሂጂ ተቀበያቸው” አለኝ። ተቀበልኳት። ግንቡ ጥግ አፈሩን የመለስኩት እኔ ነኝ። አባቴ ሦስት ጊዜ “ተካፈሉ” አለ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ጮክ ብዬ “መልካም ነው” አልኩ።

ከዚያ የአባቴን እግር አየሁ፤ አቧራ ለብሶ ተሰነጣጥቋል። የስንቱን እግር ያጠበ ሰው፣ የእሱን እግር ያጠበለት አልነበረም። በሩ አጠገብ ለምእመናን ከተቀመጠው የመጠጥ ውሃ እንስራ ቆርቆሮውን ሞልቼ ተንበረከክሁ። አባቴ ተይ አለኝ፤ አልተውኩም። ዶ ትዌ ከበላዬ ቆማ በጣቶቹ መካከልም እጠቢ ትለኛለች። አመሰግንሃለሁ አባቴ አልኩት፤ ደጋግሜ አልኩት። የእግሩ አፈር ከውሃው ጋር ወርዶ እዚያው ግቢው ውስጥ ቀረ።